የቀጠናው የቀዶ ሕክምና ጆርናልና የደሴ ኦፕሬሽን ክፍል መዝገብ፦ የጉዳይ ጥናት

ስለ ቀጠናዊ የሕክምና ጆርናል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የጆርናሉ ጽሑፎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ ወደሚለካው ቁጥር፣ ይሄዳል። ከደሴ ሆኖ ለሚያየው ጥያቄው ሌላ ነው። እዚህ ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ኦፕሬሽን ከመዝገብ ወጥቶ፣ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ሊጠቀምበት የሚችል ጽሑፍ የሚሆነው በምን መንገድ ነው? መንገዱስ የሚሰናከለው የት ነው? ይህን ለማየት አንድ ጆርናልና አንድ በሽታ ወስደናል። ጆርናሉ የምሥራቅና ማዕከላዊ አፍሪካ የቀዶ ሕክምና ጆርናል ነው። በሽታው ሲግሞይድ ቮልቩለስ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ዙሪያ መጠምዘዝ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው የሕሙማን ቁጥር ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረበ ምሳሌ እንጂ የየትኛውም ሆስፒታል ውጤት አይደለም።

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። የቀጠናው ጆርናል ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ጽሑፉ ወደ አርታኢው ከመላኩ በፊት፣ ዋርድና ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ባለው የመዝገብ ደብተር ላይ ነው። አርታኢው የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ያቃናል፣ ሠንጠረዡን ያስተካክላል፤ ያልተመዘገበን ሕመምተኛ ግን ሊመዘግብ አይችልም።

ጆርናሉ እንዴት እዚህ ደረሰ

የምሥራቅ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 ሲመሠረት በቀጠናው የነበሩት ሰርጅኖች ጥቂት ነበሩ፤ ትልቅ ነገር ያገኘም የሚጽፈው ለአውሮፓ ጆርናል ነበር። ዴኒስ በርኪት ጥሩ ምሳሌ ነው። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ይህ ሰርጅን በሕፃናት መንጋጋ ላይ ያየውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዕጢ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1958 በብሪታንያ የቀዶ ሕክምና ጆርናል ላይ ነው። ዕጢው የት እንደሚበዛና የት እንደማይገኝ ለማወቅ በ1961 በመኪና ከአገር አገር ሲዞር ደግሞ፣ በየሆስፒታሉ የሚጠይቀው ሐኪሞቹ ያዩትንና በመዝገብ የያዙትን ነበር። ግኝቱ የታተመው ብሪታንያ ቢሆንም ጥሬ ዕቃው የተገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች ነው።

ማኅበሩ በየዓመቱ በሚያደርገው ስብሰባ የሚቀርቡ ጥናቶችን በጥራዝ ያወጣ ነበር፤ በ1980ዎቹ የተጻፉ የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ጽሑፎችን ዋቢ የሚያገላብጥ ሰው እነዚያን ጥራዞች ተጠቅሰው ያገኛቸዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆርናሉ አሁን በሚታወቅበት ስም መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ከማኅበሩ ውስጥ የምሥራቅ፣ ማዕከላዊና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በአጭር ስሙ ኮሴክሳ፣ ተወለደ። ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ ሲሆን ኢትዮጵያን ጨምሮ 14 አባል አገሮች አሉት። ኮሌጁ የራሱ ሕንፃና ካምፓስ የለውም፤ ሬዚደንቶች፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሠልጣኝ ሐኪሞች፣ ዕውቅና ባገኙ ሆስፒታሎች እየሠሩ ይሠለጥናሉ፣ ፈተናው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ጆርናሉም ከስብሰባ ጥራዝነት ወደ ማሠልጠኛ መሣሪያነት ያደገው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዓይነት ፈተና የሚቀመጡ የሉሳካና የአዲስ አበባ ሬዚደንቶች፣ ሲቲ ስካን ሁልጊዜ በማይገኝበት ሆስፒታል የተጻፈ ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው ለውጥ ኢንተርኔት ነው። የታተመው ቅጂ በፖስታ ሲላክ ከአባላትና ከጥቂት ቤተ መጻሕፍት አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይንና ባዮላይን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ መድረክ ጽሑፎቹን በነጻ ሲያወጡ፣ ደሴ ያለ ኢንተርን በስልኩ ሊያነባቸው ቻለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ ደግሞ የትልልቅ አሳታሚዎችን ጆርናሎች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት ከፍቷል። የሁለቱ ጥቅም ይለያያል፤ በሂናሪ የሌላውን ዓለም ሥራ እናነባለን፣ በቀጠናው ጆርናል የጎረቤትን።

አንድ ጉድለት ግን አለ። የቀጠናውን ጆርናል ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ስለ ቮልቩለስ የሚጽፍ ሬዚደንት ፍለጋውን ፐብሜድ ላይ ጀምሮ እዚያው ከጨረሰ፣ ከእሱ ጋር በጣም የሚመሳሰሉትን የኡጋንዳና የታንዛኒያ ሆስፒታሎች ሥራ ሳያይ «በቀጠናው ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። ገምጋሚዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ይስቃሉ።

ለምን ቮልቩለስ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህ በሽታ በአብዛኛው የአረጋውያንና የአልጋ ቁራኞች ሕመም ነው። በኢትዮጵያ ደጋዎች ከትልቁ አንጀት መዘጋት ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሠርተው የሚያድሩ ወንዶችን ነው። የሆዱ መነፋት ከባድ ነው፤ በቁም ራጅ ላይ የቡና ፍሬ የመሰለ ትልቅ የአየር ጥላ ይታያል። ሕመምተኛው ከወገል ጤና፣ ከመካነ ሰላም፣ ከከላላ ወይም ከባቲ ማዶ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ደሴ። በዚህ መሐል ሁለትና ሦስት ቀን ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሕክምናው ሹካ መንገድ ግልጽ ነው። አንጀቱ ገና በሕይወት ካለ፣ ሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ የሚገባ መመልከቻ) ገብቶ ወይም የፊንጢጣ ቱቦ ተልኮ አየሩና ፈሳሹ ይወጣል፣ ጠመዝማዛውም ይፈታል፤ ቱቦው ለአንድና ሁለት ቀን በቦታው ይቆያል። ይህ ብቻ ተደርጎለት ወደ ቤቱ የተላከ ሰው የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ በዓለም ጽሑፎች ከ40 በመቶ በላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ለዚህ ነው በዚያው መተኛት ላይ እያለ አንጀቱ ተቆርጦ እንዲወጣ የሚመከረው። ትኩሳት፣ የሆድ መደንደን ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለ ግን ቱቦ አይሞከርም፤ አንጀቱ ሞቷል ተብሎ ቀጥታ ወደ ኦፕሬሽን ይኬዳል። እዚያም ውሳኔ አለ፤ የሞተውን ቆርጦ ጫፎቹን ወዲያው መስፋት ወይስ ሃርትማን የተባለውን ኦፕሬሽን ሠርቶ ኮሎስቶሚ ማውጣት፣ ማለትም የአንጀቱን ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ማውጣት? የሃብታም አገር መመሪያዎች የሚጀምሩት ከሲቲና ከሚታጠፍ ኢንዶስኮፕ ነው። ደሴ ሌሊት ላይ ያለው ሰርጅን የሚጀምረው ከራጅና ከላስቲክ ቱቦ ነው። ኮሎስቶሚ ይዞ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው ከረጢቱን ከየት እንደሚያገኝ የሚጠይቅ ጽሑፍም በቀጠናው ጆርናል ላይ እንጂ በሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም። የቀጠና ጆርናል ሥራ ይህ ነው፤ ውሳኔው በሚወሰንበት ሁኔታ ውስጥ የተገኘ ቁጥር ማቅረብ።

ቁጥሩ የሚበላሽበት ቦታ

አንድ የቮልቩለስ ሕመምተኛ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ አራት ቦታ ይጻፋል፦ በድንገተኛ ክፍል መዝገብ፣ በዋርድ መግቢያና መውጫ መዝገብ፣ በኦፕሬሽን ክፍል መዝገብና በካርዱ ላይ። ጥናት የሚጀምር ሬዚደንት እጁ ወዲያው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መዝገብ ይሄዳል። የሚገርም አይደለም፤ ከአራቱ ሁሉ በጥንቃቄ የሚሞላው እሱ ነው፣ የሕመሙ ስም ተጽፎበታል፣ የሰርጅኑና የአኔስቴቲስቱ ስም ሰፍሯል፣ አንድ ቦታም ይቀመጣል። ጥናቱ የሚጣመመውም እዚሁ ላይ ነው። በቱቦ የተፈታለት ሕመምተኛ ኦፕሬሽን ክፍል አልገባም፤ ስለዚህ እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ኦፕሬሽን ሳይደርስለት ድንገተኛ ክፍል የሞተውም የለም።

በቁጥር እንየው። 100 የቮልቩለስ ሕሙማን ገቡ እንበል። 60ዎቹ በቱቦ ተፈትቶላቸው በዚያ መተኛት ኦፕሬሽን ሳይሆኑ ወጡ፤ ከእነሱ 1 ሞተ። 36ቱ ኦፕሬሽን ሆኑ፣ 18ቱ አንጀታቸው ሞቶ ተገኘ፣ 6ቱ ሞቱ። 4ቱ ኦፕሬሽን ሳይደርስላቸው ሞቱ። በኦፕሬሽን መዝገብ ብቻ የሠራ ሰው «የሞት መጠን 17 በመቶ፣ ጋንግሪን (የአንጀት መሞት) 50 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። አራቱንም መዝገብ ያመሳከረ «የሞት መጠን 11 በመቶ፣ በኦፕሬሽን የተረጋገጠ ጋንግሪን 18 በመቶ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን አንባቢውን «እዚህ አገር ግማሹ የሚመጣው አንጀቱ ሞቶ ነው፣ ቱቦ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው» ወደሚል መደምደሚያ ይገፋዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያለ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያንን አንብቦ ቱቦውን ቢተወው፣ ጉዳቱ ከወረቀት ያልፋል። በሌላ በኩል በዚሁ መዝገብ ውስጥ ከኦፕሬሽን በፊት የሞቱት 4 ሰዎች ጨርሶ ጠፍተዋል፤ እነሱ ደግሞ ስለ መንገድና ስለ ሪፈር መዘግየት የሚናገሩት ነበሩ።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ የዋርዱ መግቢያ መዝገብ ላይ የሆድ መዘጋት ተብሎ የገባ ሰው ሁሉ ይወጣል። «ቮልቩለስ» የሚለውን ቃል ብቻ መፈለግ አያዋጣም፤ የተረኛው ሐኪም ጽሑፍ ምህጻረ ቃል ነው፣ «ኤልቢኦ» (የትልቁ አንጀት መዘጋት) ብቻ ይልና ያልፋል፣ አንዳንዱም «አኪዩት አብዶመን» (ድንገተኛ የሆድ ሕመም) ብሎ ይተወዋል። ቮልቩለስ ተብሎ የተጻፈውም የትንሹ አንጀት ይሁን የሲግሞይድ ሳይለይ ይቀራል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚቋጠሩበት አይሊዮሲግሞይድ ኖት የሚባለው ደግሞ ለብቻው መቆጠር አለበት፤ ሂደቱ በጣም ፈጣን፣ ሞቱም ከፍተኛ ስለሆነ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል አማካዩን ያዛባል። ቀጥሎ ከድንገተኛ ክፍልና ከኦፕሬሽን መዝገብ የተገኘው በካርድ ቁጥር ይመሳከራል። በስም ማመሳከር አይቻልም፤ ወሎ ውስጥ ስንት መሐመድ አሊ እንዳለ አስቡት። ከዚያ ዝርዝሩ ወደ ካርድ ክፍል ይወርዳል።

ካርድ ክፍል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ያረጀ ካርድ ይወጣል፣ ለምርመራ የተወሰደ አይመለስም፣ አንድ ሰው ካርዱን ረስቶ ስለመጣ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። በአንዳንድ ካርድ ክፍሎች የሟቾች ካርድ ለብቻ ይቀመጣል፤ ይህን ያላወቀ መረጃ ሰብሳቢ በመደበኛው መደርደሪያ ያጣውን «ካርዱ አልተገኘም» ብሎ ይሠርዘዋል። የሠረዘው ግን ሟቹን ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በመዝገብ ስንት ተገኘ፣ ካርዱ የተገኘው ስንት ነው፣ የተሟላው ስንት ነው የሚለው በሥዕል ይቀርባል። ካርዳቸው የጠፋው ሰዎች በመዝገቡ ላይ ያለው ዕድሜ፣ ጾታና መውጫ ካርዳቸው ከተገኘው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነት ካለ ይጻፋል። ከካርዶቹ አሥር በመቶውን ሁለት ሰው ለየብቻ ሞልቶ ቢያነጻጽር ደግሞ የቅጹ ጥያቄ የቱ ጋ እንደሚያምታታ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያምታታው «አንጀቱ በሕይወት አለ?» የሚለው ነው፣ ምክንያቱም በኦፕሬሽን ኖቱ ላይ «ደስኪ» (የጠቆረ) ተብሎ የተጻፈውን አንዱ የሞተ፣ ሌላው የተረፈ ብሎ ይሞላዋል።

የ2014 ዓ.ም. ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ፤ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውም በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። ይህን ጊዜ የሚያካትት ማንኛውም የኋላ መዝገብ ጥናት በመሐሉ ክፍተት ይኖረዋል። ክፍተቱን ዝም ብሎ ማለፍ በዓመት የሚታየውን ቁጥር በሐሰት ዝቅ ያደርገዋል፤ በሽታው የቀነሰ ይመስላል። ወራቱን ለይቶ ማውጣትና ምክንያቱን በሁለት መስመር መግለጽ ይበቃል። ገምጋሚው ናይሮቢ ወይም ሐራሬ ያለ ሰው ነው፤ ካልተነገረው አያውቅም።

ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒውተር

የውጭ አንባቢ የማይገምተው፣ ግን ከኢትዮጵያ የሚወጡ ጽሑፎችን የሚያበላሽ ሌላ ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። መዝገቡ በእኛ ቀን፣ ጆርናሉ በፈረንጆች ቀን። «2014 ሲደመር 8» ወይም «ሲደመር 7» እያሉ በጅምላ መቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ያለውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ያደባልቀዋል፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ክፍል 7፣ በቀሪው 8 ዓመት ነው። ኤክሴል ውስጥ የኢትዮጵያን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ማስገባት ደግሞ የከፋ ነው። ጥቅምት 30 የሚባል ቀን አለን፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ ኮምፒውተሩ የፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያየዋል፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ አያውቅም፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ ጨርሶ አይቀበለውም። በጳጉሜን የገባ ሕመምተኛ ቀኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ከስሌቱም ይወጣል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገብቶ ቅየራውን በመጨረሻ በአንድ ቀመር መሥራት ይህን ያስቀራል። የጥናቱ ጊዜም ከመስከረም 1/2013 እስከ ጳጉሜን 6/2015 ከሆነ፣ በጽሑፉ ላይ ከሴፕቴምበር 11/2020 እስከ ሴፕቴምበር 11/2023 ተብሎ በሙሉ ቀን ይጻፍ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ነርሷ «ሌሊት 8» ብላ ትጽፋለች፣ አኔስቴቲስቱ በፈረንጅ ሰዓት 2 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም አንድ ሰዓት ነው የሚያወሩት። ከመግቢያ እስከ ቆዳ መክፈት ያለፈውን ጊዜ የሚያሰላ ሬዚደንት ግን ስድስት ሰዓት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ላንሴት የዓለም የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበት እንደ መለኪያ ስላስቀመጠ፣ የመዘግየት ጥናት አሁን ብዙ ይጻፋል። መዘግየቱ አሉታዊ ቁጥር ሆኖ የወጣበትን ሠንጠረዥ አርታኢ ሲያይ የቀሪውንም መረጃ ይጠራጠራል፤ ልክም ነው።

ፈቃድ፣ ፎቶና የደራሲ ስም

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ይገኛል፤ ከኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። የኋላ መዝገብ ጥናት ቢሆን እንኳ የፈቃዱ ቁጥርና ቀን በጽሑፉ ውስጥ ይጠየቃል። የአንድ ሕመምተኛ ዘገባ ከሆነ ደግሞ ከሰውየው ራሱ የተፈረመ ስምምነት ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችል በጣት አሻራና በምስክር፤ ከከሚሴ ወይም ከአፋር ለመጣ ሰው በሚገባው ቋንቋ። ዘገባው ለመጻፍ ሲታሰብ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ አገሩ ገብቷል፣ የሰጠው ስልክ የጎረቤት ነው። እንግዳ የሆነ ነገር ኦፕሬሽን ላይ ከተገኘ ከመውጣቱ በፊት ማስፈረም የተረኛው ሬዚደንት ሥራ መሆን አለበት።

ራጅ በስልክ ፎቶ ሲነሳ የሕመምተኛው ስምና የካርድ ቁጥር ጠርዙ ላይ ይቀራል። በጥቁር መሸፈን አይበቃም፤ ፋይሉ እንዲሸፈን ሳይሆን ጠርዙ እንዲቆረጥ ያስፈልጋል። የአንገትና የግንባር ንቅሳትም ሰውን ያስለያል፤ ዓይንን መሸፈን ብቻውን ለዚያ አያገለግልም።

ደራሲነት ላይ የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሁሉም ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። የክፍል ኃላፊውን ለክብር ማስገባት የተለመደ ነው፤ መረጃውን ከመዝገብ የለቀሙት ኢንተርኖች ደግሞ በምስጋና ይታለፋሉ። የመጀመሪያው ቢቀር፣ የሁለተኛው ድርሻ ደግሞ ቁጭ ብሎ ቢታይ ይሻላል። ከውጭ የመጣ አጋር ካለ የስም ቅደም ተከተሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰን።

ስማችን የራሱ ችግር አለው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ ጆርናል በስም፣ ሌላው በአባት ስም ይመዘግበናል፣ አጻጻፉም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የአንድ ሰው አምስት ጽሑፍ የሦስት ሰው ይመስላል። በ2012 የተጀመረው ኦርሲድ የተባለው ነጻ መለያ ቁጥር ይህን ይፈታል። ማውጣቱ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሲላክ፣ ሲገመገም፣ ሲቆይ

የጽሑፉ አካል መደበኛ ነው፤ አብስትራክቱ በክፍል የተከፋፈለ፣ ዋቢው በቫንኩቨር ዘዴ ቁጥር የተሰጠው። ለምልከታ ጥናት 22 ነጥብ ያለውን ስትሮብ የተባለውን የአጻጻፍ መመሪያ፣ ለቀዶ ሕክምና ጉዳይ ዘገባ ስኬር የተባለውን አጠገብ አድርጎ መጻፍ የግምገማውን ግማሽ ያስቀራል። ገምጋሚዎች ከዚህ አካባቢ በሚላኩ ጽሑፎች ላይ ደጋግመው የሚያነሱት ይታወቃል። «ሞት» ሆስፒታል ውስጥ ነው ወይስ እስከ 30 ቀን? የቁስል ኢንፌክሽን በምን ትርጉም? ስንት ሰው ከወጣ በኋላ ታየ? የመጨረሻው በተለይ ያማል። ጠመዝማዛው ተመልሶበት መካነ ሰላም ወይም ወልድያ የገባ ሰው በእኛ መዝገብ «ድኖ ወጣ» ነው። ክትትል ከሌለ ስለ መመለስ መጠን አለመጻፍ ይሻላል፤ ዜሮ ብሎ መጻፍ ግን ያለማወቅን እንደ ውጤት ማቅረብ ነው።

ከተላከ በኋላ ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። አርታኢው ቀን ላይ ሰርጅን ነው፣ ገምጋሚዎቹም እንዲሁ፣ ማንም አይከፈለውም። ጆርናሉ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲወጣ ቆይቷል፤ አንድ እትም ሲዘገይ ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ወራት ይቀመጣል። የመምህርነት ዕድገት በታተመ ጽሑፍ ስለሚለካ፣ ሬዚደንቱና ወጣቱ ሰርጅን ይህን መቆየት አይችሉም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው «በአምስት ቀን እናትማለን» የሚሉት ኢሜይሎች የሚገቡት። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ አርታኢዎቹ በስማቸው የሚታወቁ ሰርጅኖች ናቸው ወይ፣ አይኤስኤስኤን የተባለው የጆርናል መለያ ቁጥሩ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ አለ ወይ፣ የግምገማ ሂደቱ ተጽፏል ወይ፣ ክፍያው ከመላኩ በፊት ተገልጿል ወይ። በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰርጅን አንብቦ አስተያየት ሰጠ ማለት የማይታመን ነው፤ ሁለቱም ተረኛ ናቸውና።

ክፍያ ራሱ ሌላ እንቅፋት ነው። ክፍት ጆርናሎች የሚጠይቁት ዶላር ከደሴ ባንክ ቤት በቀላሉ አይወጣም። ብዙዎቹ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ከክፍያ ነጻ ከሆኑት አገሮች ይመድባሉ፤ ጥያቄው ግን በሚላክበት ጊዜ ነው የሚቀርበው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚመጣ ይቅርታ ልመና ነው።

ደሴ ለጆርናሉ ምን አላት

ቮልቩለስን እንደ ምሳሌ ወሰድነው እንጂ ከዚህ አካባቢ የሚወጣው እሱ ብቻ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ የሚወርደው መንገድ የሚያመጣው የአጥንት ስብራት፣ ከኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅና የብረት ፋብሪካዎች የሚመጣው የእጅ ጉዳት፣ ከደጋው የሚመጣው እንቅርት፤ ሁሉም ቀጠናው ውስጥ የሚያነበው አለ። የእጅ ጉዳት ላይ የማሽኑ ዓይነት፣ የፈረቃው ሰዓትና ሠራተኛው ስንት ወር እንደሠራ ካልተመዘገበ ጽሑፉ «ጣት ተቆረጠ» ከማለት አያልፍም፤ እነዚህን ሦስቱን ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ያልጠየቀ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ከካርድ አያገኛቸውም።

ስለዚህ ከጆርናሉ ጋር ሥራ የሚጀመረው በደብተር ላይ ነው። ለቮልቩለስ በዋርዱ መግቢያ መዝገብ ላይ የሚጨመሩት ዓምዶች ስድስት ናቸው፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ሪፈር ያደረገው ተቋም፣ ቱቦ ተሞክሯል ወይ፣ ተፈታ ወይስ አልተፈታም፣ ከዚህ በፊት ይዞት ያውቃል ወይ፣ የሚመልስ ስልክ ሁለት። ነባሩ ደብተር ቦታ ከሌለው በማስመሪያ የተሰመረ ሌላ ደብተር ይበቃል፤ ከነርሶች ጣቢያ እንዳይወጣ ብቻ ይታሰር። ኃላፊነቱ በስም ለአንድ ሬዚደንት ይሰጥ፤ በየሳምንቱ የጠዋት ስብሰባ ላይ ከኦፕሬሽን መዝገብ ጋር ይመሳከር። ሬዚደንቱ ሲመረቅ ፋይሉን በላፕቶፑ ይዞት እንዳይሄድ፣ ስም የሌለበት ቅጂ በክፍሉ ኮምፒውተርና በሌላ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የርክክቡ ወረቀትም ይፈረም።